ኤድመንድ ገንተር፦ ለኮሳይን ስም ያወጣው ካህን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የተማረ ሁሉ ሳይንና ኮሳይን የሚባሉትን ሁለት ቃላት ሳያስታውስ አይቀርም። ብዙዎቻችን ግን ሁለተኛው ቃል ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ቀመሩን በቃላችን ይዘን ፈተናውን አልፈናል። ቃሉን ያስገኘው በለንደን ቁምስና ያገለግል የነበረ፣ ኤድመንድ ገንተር የተባለ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነው።

ገንተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1581 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በሃርትፎርድሺር ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ኦክስፎርድ ገብቶ በክራይስት ቸርች ትምህርቱን ቀጠለ፤ ማዕርገ ክህነትም ተቀበለ። በ1615 ከቴምዝ ወንዝ ማዶ በሳውዝወርክ የሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ሆኖ ተሾመ፤ ይህንንም ኃላፊነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም። ልቡ ግን ከተማሪነቱ ጀምሮ ወደ መለኪያ መሣሪያዎች ያዘነበለ ነበር። ሴክተር ስለሚባለው፣ ሁለት ክንድ ኖሮት እንደ ኮምፓስ ስለሚከፈተው የማስያ መሣሪያ በወጣትነቱ በላቲን የጻፈው ጽሑፍ በእጅ እየተገለበጠ በወዳጆቹ መካከል ይዞር ነበር።

በ1619 ሰር ሄንሪ ሳቪል የተባሉ ሊቅ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህርነት ወንበር አቋቋሙ። የብዙ ሰዎችን ሕይወት የጻፈው ጆን ኦብሪ ከጊዜ በኋላ እንደ ተረከው፣ ሳቪል ወንበሩን አስቀድመው ያሰቡት ለገንተር ነበር። ገንተርም መሣሪያዎቹን ይዞ ቀረበና በእነርሱ እየለካ ጎነ ሦስቶችን መፍታት ጀመረ። ሽማግሌው ሳቪል ግን ይህ ትርኢት እንጂ ጂኦሜትሪ አይደለም ብለው አሰናበቱት፤ ወንበሩም ለሄንሪ ብሪግስ ተሰጠ። በእኔ አስተያየት የሳቪል ሥጋት ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል ማለት አይደለምና። ገንተር ግን ምክንያቱን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በለንደን በግሬሻም ኮሌጅ የሥነ ፈለክ መምህር ሆነ፤ ወንበሩን ከወሰደው ከብሪግስ ጋር የነበረው ወዳጅነትም አልተቋረጠም። እንዲያውም ብሪግስ ያዘጋጀውን አዲሱን ሎጋሪዝም ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ የዲግሪ ደቂቃ የሳይንንና የታንጀንትን ሎጋሪዝም የሚሰጥ ሰንጠረዥ በ1620 አሳተመ። የመጽሐፉ ስም ካኖን ትሪያንጉሎሩም ነው። ኮሳይን የተጠመቀው በዚህ መጽሐፍ ነው።

ስሙን ለመረዳት አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት እናስብ። የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ድምር ምን ጊዜም 90 ነው፤ አንዱ 30 ቢሆን ሌላው 60 ይሆናል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የአንድ ማዕዘን ሳይን የሚገኘው ፊት ለፊቱ ያለውን ጎን ለረጅሙ ጎን በማካፈል ነው፤ ኮሳይን ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጎን ለዚያው ለረጅሙ ጎን በማካፈል። እንግዲህ ከ60ው አጠገብ ያለው ጎን ከ30ው ፊት ለፊት የቆመው ያው ጎን ስለ ሆነ፣ የ60 ኮሳይንና የ30 ሳይን አንድ ቍጥር፣ ይኸውም ግማሽ ነው። ዝምድናው ከገንተር እጅግ አስቀድሞ በሕንድና በዐረብ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር። የላቲን ጸሐፊዎች ግን በየጊዜው የጉድለት መሙያው ማዕዘን ሳይን እያሉ በረጅሙ ይጽፉት ነበር። ገንተር ጉድለት መሙያ የሚለውን የላቲን ቃል ወደ መጀመሪያ ፊደላቱ አሳጥሮ፣ በነጥብ ለይቶ ከሳይን ጋር አያያዘው። በ1658 ጆን ኒውተን የተባለ ጸሐፊ (ዝነኛው አይዛክ ኒውተን አይደለም) ነጥቡን አስወግዶ አንድ ቃል አደረገው። ሒሳብ የምታስተምሩ ካቴኪስቶች ይህን ለተማሪዎቻችሁ ብትነግሯቸው ቀመሩን በቃል ማጥናት አያስፈልጋቸውም፤ ስሙ ራሱ ቀመሩ ነውና።

ይህ ዝምድና ለመርከበኛ የዕለት እንጀራ ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ለንደን ላይ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ 38 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ትላለች፤ ይህን ከ90 ብንቀንስ 51 ተኩል እናገኛለን፤ እርሱም የከተማይቱ ኬክሮስ ነው። የ38 ተኩል ሳይንና የ51 ተኩል ኮሳይን አንድ፣ ወደ 0.62 ገደማ ነው። በምድር ወገብ ላይ 60 የባሕር ማይል የሆነው አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በለንደን ኬክሮስ ወደ 37 የሚጠብበው በዚሁ ቍጥር ስለሚባዛ ነው። ይህን ያላሰላ መርከበኛ ስንት እንደ ተጓዘ አያውቅም፤ ከዓለት ጋርም ሊጋጭ ይችላል። ገንተር በ1623 ስለ መሣሪያዎቹ ያሳተመውን መጽሐፍ በላቲን ሳይሆን በእንግሊዝኛ የጻፈው መርከበኛውና መሬት ቀያሹ ላቲን ስለማያነቡ ነበር።

ለቀያሾችም 66 ጫማ ርዝመት ያለው፣ 100 ቀለበት ያለበት ሰንሰለት ሠራላቸው። ወርዱ አንድ፣ ቁመቱ ዐሥር ሰንሰለት የሆነ መሬት ልክ አንድ ኤክር ስለሚሆን ሒሳቡ ቀላል ሆነ፤ በኋላም በአሜሪካ ሰፊው መሬት የተቀየሰው በዚህ ሰንሰለት ነው።

ገንተር በ45 ዓመቱ ታኅሣሥ ወር 1626 በግሬሻም ኮሌጅ ሳለ አረፈ፤ በአቅራቢያው በነበረው በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ያ ቤተ ክርስቲያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈርሷል።