ደራሲው ማዘጋጃ ቤት ሲገቡ

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው። «ወዳጄ ልቤን የጻፈው ማነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ይመለሳል፣ አንድ ማርክ ይገኛል፣ በቃ። ትንሽ አለፍ ያለ ያነበበ ደግሞ ጃፓን የሄዱት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ናቸው ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። እኔ ዛሬ ላወራላችሁ ያሰብኩት ግን ሌላውን ኅሩይ ነው። ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ቦታ ወሰን፣ ስለ ሌሊት ዘበኛ፣ ኋላም ስለ ሬሳ ማሰብ ሥራቸው የነበረውን፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም ኅሩይን።

የተወለዱት በሰሜን ሸዋ መርሐ ቤቴ ነው፤ ጊዜው 1870ዎቹ መግቢያ ላይ። መጀመሪያ የወጣላቸው ስም ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ የተባሉት በኋላ ነው። አባታቸው የሞቱባቸው ገና ልጅ ሳሉ ነው። ለድሃ አደግ ልጅ በዚያ ዘመን የተከፈተ በር ቢኖር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበርና እሳቸውም በዚያው ገቡ። እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው ተማሩ፣ ጸሐፊነት ያዙ፣ ከዚያ ወደ ምኒልክ ግቢ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያ ዘመን በትውልድ ወይም በጠመንጃ የሚሾሙበት ነው። ኅሩይ የትልቅ ሰው ልጅ አይደሉም፣ የጦር ሰውም አይደሉም። የያዙት ብዕር ብቻ ነው።

ብዕሩን ደግሞ የሚጠቀሙበት በራሳቸው መንገድ ነው። በ1904 ካሳተሟቸው ነገሮች አንዱ ልብ ወለድ እንዳይመስላችሁ፤ ካታሎግ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኙ በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር። ያለን ነገር ምን ያህል ነው፣ የትኛው ነው፣ ብሎ ቆጥሮ መመዝገብ። እኔ በግሌ ኅሩይን ለመረዳት ከ«ወዳጄ ልቤ» ይልቅ ይሄ ዝርዝር ይሻላል ባይ ነኝ። ሰውየው መዝጋቢ ናቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም፣ በ1903፣ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለጆርጅ አምስተኛ ንግሥ ለንደን ሄደው ነበር። የተነጠፈ መንገድ፣ የመብራት መስመር፣ በሥርዓት የተያዘ ከተማ ምን እንደሚመስል በዓይናቸው አይተዋል።

አሁን ወደ አራዳ እንምጣ። ፒያሳ ማለቴ ነው፤ ግን በእሳቸው ዘመን ፒያሳ የሚል ሰው አልነበረም። ቃሉ የጣልያን ነው፣ ከወረራው ጋር የመጣ። ያኔ ሰፈሩ አራዳ ነው፣ አራዳ ማለት ደግሞ ገበያ ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር የተዘረጋ ትልቅ ገበያ። ጣልያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ እስኪወስዱት ድረስ የከተማው ሆድ እዚያ ነበር። እህሉ፣ በቅሎው፣ አሞሌው፣ የውጭ ጨርቁ። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ሱቆች በዙሪያው፤ የጣይቱ ሆቴልና የአቢሲንያ ባንክም ከዚያው አካባቢ። አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት የሚጎሰመው ሰው ባለበት በዚያ ነው፤ ወንጀለኛ ሲቀጣም ገበያተኛ እያየ ነው። «የአራዳ ልጅ» ስንል ነቄ፣ ነገር የገባው ማለታችን ከዚሁ ግርግር የተረፈ ነው።

ከገበያው ወጣ ስትሉ ግን ከተማ የሚባለው ነገር ይበተንባችኋል። አዲስ አበባ ያኔ የሰፈሮች ጥርቅም ነው። በየጉብታው የአንድ መኳንንት ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ የሎሌዎቹ ጎጆ፣ ከዚያ ሜዳና ወንዝ፣ ከዚያ ሌላ ጉብታ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ሰፈር የሚያውቀው ጌታውን ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው መንገድ፣ ወንዝ፣ የሞተ በቅሎ የማን ነው? የማንም አይደለም።

ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመው ለዚህ «የማንም» ለሆነ ነገር ነው። በ1902 ገደማ፣ ምኒልክ በሕመም ላይ ሳሉ፣ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የመጀመሪያው ከንቲባ ሆኑ። ቃሉ ራሱ ደስ ይላል፤ ማዘጋጃ። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ፍርድ፣ ጦር፣ ገንዘብ ሲባሉ ይሄኛው የሚያዘጋጅ ቤት ተባለ። ምን እንደሚያዘጋጅ ግን ስሙ አይናገርም። ኅሩይ ወደዚህ ቤት የገቡት በ1909 ገደማ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ወርደው፣ ዘውዲቱ ነግሠው፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በሆኑበት ጊዜ።

ሥራው ምን ነበር ካላችሁ፣ እስቲ ዛሬ ወረዳ የሚያስኬዳችሁን ነገር አስቡ። የቦታ ወረቀት። የወሰን ክርክር። መንገድ ላይ የወጣ አጥር። ቆሻሻ። የሌሊት ጥበቃ። እኔ ራሴ ለአንድ ማህተም ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ምኒልክ በ1900 የአዲስ አበባን ቦታ የሚመለከት ደንብ አውጥተው ነበር፤ ቦታ በወረቀት እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ። ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታ የሚያዘው በጌታ ቃል ነበራ! ነገር ግን ደንብ አንድ ቀን ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጥቶ የሚለካ፣ የሚጽፍ፣ የሚያስታርቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሥራ ደግሞ ግጥም የለውም። ሹሙ ደህና ሲሠራ የሚያስተውል የለም፤ ሲያበላሽ ግን ሁሉም ይጮሃል።

ዛሬ እንደምናውቀው ያለ የከተማ ምክር ቤትም አልነበረም። የነዋሪ ተወካይ ተሰብስቦ በጀት ሲያጸድቅ ለማየት ከነፃነት በኋላ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ የወጣው በ1937 ነው። ስለዚህ ኅሩይ የሚጠይቁት ምክር ቤት፣ የሚመልሱለት ተመራጭ የላቸውም። ከላይ ቤተ መንግሥት፣ ከታች ዘበኛና መዝጋቢ፣ መሃል ላይ እሳቸው።

በዚያው ሁሉ መሃል መጻፋቸውን አላቆሙም። በ1910 ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። አንዱ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ነው፤ አባት ለልጁ የሚመክረው። ሌላው የልቅሶ ግጥም ነው። ሙሾ እንዴት እንደሚባል፣ ምስጢሩ ከመጻሕፍት ጋር እንዴት እንደሚስማማ። የሚቀጥለው ዓመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለምናውቅ፣ ይሄን ሳስብ ይከብደኛል።

በመጋቢት 1910 የአዲስ አበባ ወታደር ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቀ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ተሻሩ። መንግሥቱ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ነው በሽታው የመጣው። ዓለም የስፔን ጉንፋን ይለዋል። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ተነሥቶ በየአህጉሩ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። እኛ የኅዳር በሽታ አልነው፤ የበረታው በኅዳር 1911 ነበርና።

ኮቪድን ታስታውሳላችሁ። ቢያንስ ስልክ ነበረን፣ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ቁጥር ያወጣ ነበር። ያኔ በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ይታመማሉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለሞት ደርሰው ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ባንዴ ይወድቃል። ውሃ የሚያቀብል አይኖርም፤ ስለዚህ በበሽታው ብቻ ሳይሆን በጥምና በረሃብም ይሞታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ወደ አሥር ሺህ ይጠጋል ተብሎ ይገመታል።

አሁን አስቡት። እንደ ዛሬው የሰፈር እድር ገና አልተስፋፋም። ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ጌታው ነው። ዘመድም ጎረቤትም ጌታውም ከታመሙ ሬሳው የማን ነው? ያው የመንገዱ ጥያቄ ነው፤ የማንም ያልሆነ ነገር። ከገጠር ለሥራ የመጣ ተሸካሚ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ገበያ ለገበያ የሚያድር ድሃ፤ እነዚህ ናቸው መጀመሪያ ያለ ቀባሪ የቀሩት። ጅብ ሬሳ ይጎትት ነበር የሚለው ወሬ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈው ከዚያ ጊዜ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ያኔ ነው የተፈተነው። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ፈልጎ ማሰማራት፣ ወገን ያልተገኘለትን ሬሳ ማንሣትና ማስቀበር፣ ለወደቁት ድሆች የሚደርስ እርዳታ መፈለግ የከተማው ሹም ሥራ ሆነ፤ ሹሙ ደግሞ ኅሩይ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ በታመመበት፣ ሚኒስትሮቹ በተሻሩበት፣ ደህና የነበረው ሰው ወደ ገጠር በሸሸበት ሰዓት የቦታ ወረቀት የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ቀርቶ ነበር። ጀግንነት ስንል ሁልጊዜ ጦር ሜዳ ነው የሚታየን። እኔ ግን በዚያ ወር ቆፋሪ ቀጥሮ፣ ለቀኑ ዋጋ ሰጥቶ፣ ነገም እንዲመጣ ያደረገ ጸሐፊ ከብዙ ባለ ጎራዴ ይበልጥብኛል።

ኅዳር 12 ሚካኤል ዋዜማውን ወይ በዕለቱ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያውቀዋል። ቆሻሻ ይጠራረግና በየደጁ ይጨሳል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሰው በብዛት የሚያያይዘው ከ1911ዱ በሽታ ጋር ነው፤ በሽታውን ለማጥፋት ከተማው ተጠርጎ ይቃጠል መባሉ የተረፈ ነው ይላል። ከዚያ በፊትም ልማዱ ነበረ የሚሉም አሉ። እኔ ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። አሁን አሁን ደግሞ ጭሱ አየር ይበክላል፣ ቆሻሻውን ሰብስቡ እንጂ አታቃጥሉ የሚል ማሳሰቢያ ይሰማል። ኅሩይ ቢሰሙ የሚስማሙ ይመስለኛል፤ መዝግቡና አንሡ የሚለው ነው የእሳቸው ጠባይ።

በሽታው ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጉዞ መጣ። በ1911 ክረምት ደጃዝማች ናደውን ተከትለው አሜሪካ ሄዱ፤ የጦርነቱን አሸናፊዎች እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለትና ጊዜው ያለፈበትን የ1903 የአውሮፓውያን አቆጣጠር ውል ጉዳይ ለማንሣት። ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አገኙ። ከቡድኑ አንዱ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ነበሩ፤ ጎንደርን በከንቲባነት የያዙት። ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ዋሽንግተንን ሲያዩ ስለ ቦይና ስለ መብራት አላወሩም ብሎ ማሰብ ይቸግረኛል፤ ይሄ ግን የእኔ ግምት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ በሰፊው ታገኙታላችሁ። የውጭ ዜጎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር የሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1916 ከአልጋ ወራሹ ጋር አውሮፓን ዞሩ። «ጎሃ ጽባሕ» የሚባል ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1924 ጃፓን ሄደው መጽሐፍ ጻፉባት። ብላቴን ጌታ ተባሉ። የኅሩይ መዝጋቢነት ግን እዚህም አልለቀቀም። በ1915 ያወጡት «የሕይወት ታሪክ» የሰዎችን ሕይወት በስም በስም የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው፤ ርዕሱ ላይም በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ የሚል ጨመሩበት። ማስታወቂያ! ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የመሥሪያ ቤት ቃል። የመጻሕፍት ካታሎጉንም በ1920 አስፍተው እንደገና አሳተሙት።

ባለፈው 2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብዛኞቻችሁ ቪዲዮ አይታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁም ቀርጻችኋል። ያኔ ብዙ ቤት ውስጥ የተጀመረው ፍለጋ ወረቀት ፍለጋ ነበር። የአያት ስም ያለበት፣ ማህተሙ የደበዘዘ፣ ካሬ ሜትሩ በእጅ የተጻፈ። ወረቀት ያለውና የሌለው ሰው ዕጣ አንድ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በፊት በዚሁ ሰፈር ያ ወረቀት ይጻፍ፣ ይመዝገብ ብሎ መቀመጥ ምን ማለት እንደነበር ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ኅሩይም አብረው ወጡ። ከኋላቸው አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ አራዳ ተቃጠለች፣ ከዚያ ጣልያን ገባ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ፣ ካምብሪጅ ተምሮ የተመለሰው፣ አገር ቤት ቀርቶ በጣልያኖች ተገደለ። አባትየው ይሄን የሰሙት በእንግሊዟ የባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው የስደት ቤት ነው። ለልጃቸው የምክር መጽሐፍ ከጻፉ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

መስከረም 1931 እዚያው ባዝ አረፉ። አፅማቸው ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው።