አሸናፊ ከበደና የእረኛው ዋሽንት

ዋሽንት ለብዙዎቻችን የከብት ጠባቂ መጫወቻ ነው። በተለይ ቦሌ ላደግነው ልጆች ሙዚቃ መማር ማለት ፒያኖ ወይም ጊታር መማር ማለት ይመስለናል። ይህን አስተያየት በሥራቸው ከተቃወሙት ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ነበሩ።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፣ በሮቸስተር ከተማ ከሚገኘው ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1962 ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የአውሮፓን ሙዚቃ ብቻ ቢያስተምሩ ኖሮ ማንም ባልወቀሳቸው ነበር።

እርሳቸው ግን «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን ድርሰት ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ጻፉ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የአውሮፓ ስልት ግን በሰባት ድምፅ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ጥንቃቄ ቢጭኑበት የዜማው ጣዕም ይጠፋል። ድርሰቱን ቤት ውስጥ ሳዳምጥ፣ በልጅነቱ ከብት የጠበቀው አባቴ ይህ ዋሽንት አይደለም ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፣ መሣሪያው ፍሉት ነው። ነገር ግን እስኪያልቅ ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ድርሰቱን እ.ኤ.አ. በ1967 የሀንጋሪ ኦርኬስትራ ተጫወተው። በዚያም አገር አሸናፊን ጥቁሩ ኮዳይ ይሏቸው እንደነበር ይነገራል። ኮዳይ ከጓደኛው ከባርቶክ ጋር በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን ዘፈን የሰበሰበ የሀንጋሪ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ባርቶክም እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ቱርክ ሄዶ፣ አድናን ሳይጉን ከተባለው የቱርክ የሙዚቃ ደራሲ ጋር በአናቶሊያ የባላገሩን ዜማ ቀድቷል። ሳይጉንም ለኦርኬስትራ ሲጽፍ የአገሩን ዜማ አልተወም። እንግዲህ የእኛው ሰው ብቻውን አልነበረም።

ፕሮፌሰር አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1968 ከያሬድ ትምህርት ቤት ተለይተው እንደገና ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ፤ በኋላም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1982 ስለ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥረ መሠረት የጻፉት መጽሐፍ ታተመ። የእረኛውን ዜማ ያከበረ ሰው አብዛኛውን የማስተማር ዘመኑን እረኛው በሌለበት አገር ማሳለፉ እኔን ይቆጨኛል።

በ1990 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ አረፉ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑበት ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንትን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ያስተምራል።