ኩርት ሐን፦ ትምህርትን ከክፍል ያወጡ መምህር

በየዓመቱ ከወላጆች ደጋግሞ የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ። ልጃችን ቅዳሜን በተራራ ጉዞ፣ የሳምንቱን አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ካሳለፈ መቼ ሊያጠና ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ተማሪዎቻችንም በበኩላቸው ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ ስንት ሰዓት ብንሠራ ይበቃናል? ይላሉ። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይሆን ዘንድ የአንድ መምህር ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኩርት ሐን በ1886 በበርሊን ከተማ ከአንድ ባለጸጋ አይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። ገና ወጣት ሳሉ ብርቱ የፀሐይ ምታት አገኛቸውና ጠንቁ ዕድሜ ልካቸውን ሳይለቃቸው ቀረ። ብርሃን ስለሚጎዳቸው ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ግድ ሆነባቸው። ሌሎችን ወደ ተራራና ወደ ባሕር ሲልኩ የኖሩት ሰው ራሳቸው ፀሐይን የማይችሉ ነበሩ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችና በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለጀርመን መንግሥት የእንግሊዝ ጋዜጦችን እያነበቡ የሚተነትኑ ሠራተኛ ነበሩ። ከዚያም የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት የመጨረሻው ቻንስለር የነበሩት የልዑል ማክስ ፎን ባደን ጸሐፊ ሆኑ።

ጦርነቱ በሽንፈት አበቃ። አገር የሚጠገነው በትምህርት ነው ብለው ያመኑት ልዑሉና ሐን በ1920 በልዑሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሳሌምን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቦታው ቀድሞ ገዳም የነበረ ነው። በሳሌም ተማሪው ከመጽሐፉ ጎን ለጎን ይሮጣል፣ ይዘላል፣ በእጁ ይሠራል፣ ረጅም ጉዞ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የዕለት መዝገቡ ነው። ተማሪው በየቀኑ ሊፈጽማቸው የሚገቡትን ተግባራት ዝርዝር ይይዛል። ማታ ላይ የሠራውንና ያልሠራውን ራሱ ምልክት ያደርጋል። መምህር አይቆጣጠረውም። መዝገቡ የሚፈትነው ተማሪው ለራሱ መዋሸት አለመዋሸቱን ነበር። ሐን የሀብታም ልጆች ምቾት እንደሚያሰንፋቸውም ያምኑ ስለነበር ከድሃ ልጆች ጋር አብረው ሊማሩ ይገባል ይሉ ነበር።

የመምህሩ የራሳቸው ፈተና በ1932 መጣ። የሂትለር ደጋፊዎች አንድን ሠራተኛ ፖቴምፓ በተባለች መንደር፣ በገዛ ቤቱ፣ እናቱ ፊት ረግጠው ገደሉት። ገዳዮቹ ሞት ሲፈረድባቸው ሂትለር በይፋ አጋርነቱን ገለጸላቸው። ሐን ይህን ሲሰሙ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከሂትለር ወይም ከሳሌም አንዱን ምረጡ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጻፍ፣ ያውም ለአይሁዳዊ፣ በሕይወት መወራረድ ነው። በመጋቢት 1933 ታሰሩ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴ ማክዶናልድ ጭምር ጣልቃ ገብተው ተፈቱ። በዚያው ዓመት አገራቸውን ጥለው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ።

ስደት ምን እንደሆነ ከእኛ መካከል ብዙ ቤተሰቦች ያውቁታል። ሐን በአርባ ሰባት ዓመታቸው እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። በ1934 በስኮትላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ የጎርደንስታውንን ትምህርት ቤት በጥቂት ልጆች ከፈቱ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ በኋላ የኤዲንብራ መስፍን የሆኑት ልዑል ፊሊፕ ነበሩ። እዚህም ተማሪዎች በባሕር ዳርቻ ጥበቃና በእሳት አደጋ መከላከል ተሰለፉ። ሥራው እውነተኛ ነበር። ጠባቂው ቢተኛ ጉዳቱ የሚደርሰው በውጤት ካርዱ ላይ ሳይሆን በባሕር ላይ ባለ ሰው ላይ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመርከብ ኩባንያ ባለቤት የነበሩት ሎረንስ ሆልት አንድ ነገር አሳሰባቸው። መርከብ ሲሰጥም በነፍስ አድን ጀልባ ላይ በዕድሜ የገፉት መርከበኞች ሲጸኑ ወጣቶቹ ተስፋ ቆርጠው ይሞታሉ ብለው አመኑ። እርሳቸውና ሐን በ1941 በዌልስ በምትገኘው አበርዶቪ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን የአንድ ወር ገደማ ሥልጠና ጀመሩ። ይኸው ሥልጠና ከጦርነቱ በኋላ ወደ እኛ ቀጣና ዘልቆ በኪሊማንጃሮ ግርጌ በኬንያዋ ሎይቶኪቶክ ትምህርት ቤት ተከፈተለት። ልዑል ፊሊፕም በ1956 በሐን ሐሳብ ላይ ተመሥርተው የወጣቶች ሽልማት መሠረቱ።

በ1962 ደግሞ በዌልስ የባሕር ዳርቻ አትላንቲክ ኮሌጅ ተከፈተ። የሐን ሐሳብ የትናንት ጠላቶች የነበሩ አገሮች ልጆች አብረው ኖረው እንዲማሩ ነበር። የኮሌጁ ተማሪዎች ከርእሰ መምህራቸው ጋር ሆነው ሰው ከባሕር ለማዳን የሚያገለግል፣ ታቹ ጠንካራ ጎኑ በአየር የተነፋ ጀልባ ሠሩ። የዚያ ዓይነት ጀልባ ዛሬ በመላው ዓለም ነፍስ ያድናል። ከኮሌጁ የበቀሉት የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆችም ዛሬ በታንዛኒያ በሞሺና በአሩሻ ሳይቀር ይገኛሉ። በ1968 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ባካሎሬት ከተማሪዎቹ የሚጠይቀው የፈጠራ፣ የእንቅስቃሴና የአገልግሎት መርሐ ግብርም የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። ሐን በ1974 በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው በጀርመን አረፉ፤ የተቀበሩትም በሳሌም ነው።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ ምግብ እየለመነ፣ ውሻ እየመከተ ከፊደሉ ጋር መከራን መቻልን ይማር ነበር። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። ብዙዎቹም በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል።

እንግዲህ ለወላጆቻችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጥናት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉዞና አገልግሎት የጥናት ሰዓትን በማይሻሙበት መንገድ መርሐ ግብሩን ማውጣት የእኛ የመምህራን ኃላፊነት ነው። ነገር ግን ክፉ ቀን ሲመጣ እንዲያ ያለ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ድፍረት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ለተማሪዎቻችን ደግሞ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ሰዓት ቆጥሮ ፊርማ መሰብሰብ ጥምጣሙ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ያ ሥራ ባይሠራ የሚጎዳ ሰው ነበር ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ማንም የማይጎዳ ከሆነ ወደ እኛ ኑና ሌላ ሥራ አብረን እንፈልግ።