ከበሮ መቺው ጆን ቦናም

ጆን ሄንሪ ቦናም በእንግሊዝ አገር፣ ሬዲች በምትባል ከተማ ሜይ 31 ቀን 1948 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ አናጢ ነበር። ልጁ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ባዶ ጣሳ እየሰበሰበ በእንጨት ይደበድብ ጀመር። ዐሥር ዓመት ሲሞላው እናቱ አንዲት ትንሽ ከበሮ ሰጠችው፤ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ደግሞ አባቱ ሙሉውን የከበሮ ዕቃ ገዛለት። ሙሉ የከበሮ ዕቃ የሚባለው በአንገት የሚንጠለጠለው እኛ የምናውቀው ከበሮ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚያጫውታቸው ትልልቅና ትንንሽ ከበሮዎች ከነሐስ ሳሕኖች ጋር ተሰብስበው የቆሙበት ነው።

በትምህርቱ ብዙም አልገፋም። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር፣ ይህ ልጅ ወይ ቆሻሻ ጠራጊ ወይ ሚሊዮነር ይሆናል ብሎ በውጤት ወረቀቱ ላይ ጽፎ ነበር ይባላል። (ለመምህራኖቻችን አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፈው ሁለቱም እንዳይሆን ተብሎ ይመስለኛል።) በ1964 ትምህርቱን ትቶ ቀን ከአባቱ ጋር አናጢነት ይሠራ፣ ማታ በበርሚንግሃም አካባቢ ባሉት የጭፈራ ቤቶች ከበሮ ይመታ ነበር። የሚመታውም እጅግ በኀይል ስለ ነበረ አንዳንድ ባለቤቶች ድምፁን መታገሥ አቅቷቸው ሁለተኛ እንዳይመጣ ነግረውታል ይባላል። በ1966 ልጁ ጄሰን ሲወለድ ቦናም ገና ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ማለት እኔ ዛሬ ባለሁበት ዕድሜ የቤተ ሰብ ኀላፊ ሆኖ ነበር።

በ1968 ጂሚ ፔጅ የተባለው ጊታር መቺ ያርድበርድስ የሚባለው የሙዚቃ ቡድኑ ስለ ፈረሰበት አዲስ ቡድን ለማቋቋም ሰው ይፈልግ ነበር። ዘፋኙ ሮበርት ፕላንት ከቦናም ጋር አስቀድሞ አብሮ የሠራ ስለ ሆነ እርሱን ጠቆመው። ቦናም ግን ቶሎ እሺ አላለም። በዚያ ጊዜ ቲም ሮዝ ከሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ ጋር ሆኖ ደመወዙን በየጊዜው ያገኝ ነበርና፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው እንጀራውን ጥሎ ስሙ ወዳልታወቀ ቡድን ለመግባት ቢያመነታ አያስደንቅም። ቴሌግራም ላይ ቴሌግራም ተላከለት፤ ከቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ከፒተር ግራንት ብቻ አርባ ያህል እንደ ደረሰው ይነገራል። በመጨረሻም እሺ አለ። በባስ ጊታር ጆን ፖል ጆንስ ተጨምሮ አራቱ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1968 በዴንማርክ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆሙ።

ጥቂት ቆይቶ ቡድኑ ሌድ ዜፕሊን የሚለውን ስም ያዘ። ሌድ ማለት እርሳስ የሚባለው ከባዱ ማዕድን ነው፤ ዜፕሊን ደግሞ በጋዝ ተሞልቶ የሚንሳፈፈው የአየር መርከብ ነው። ስሙ በቀልድ የወጣ ቢሆንም ለሥራቸው የተስማማ ስም ነበር። ጃንዋሪ 1969 በወጣው በመጀመሪያው ሸክላቸው ላይ እንኳ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታው የእንጨት ጊታር በቀስታ ሲያንጎራጉር ቆይቶ ድንገት ከበሮው እንደ ነጐድጓድ የሚወርድበት ዘፈን ይገኛል።

ብዙ ሰዎች የዚህን ቡድን ነገር ሲያወሩ የከባዱን ድምፅ ምስጋና ለቦናም፣ የለስላሳውን ደግሞ ለፔጅና ለፕላንት ያካፍላሉ። እኔ ግን ይህ አከፋፈል ትክክል አይመስለኝም። ለስላሳው ለስላሳ ሆኖ የሚሰማው ከበሮ መቺው ዝም ለማለት ፈቃደኛ ስለ ሆነ ነው፤ ከባዱም የሚከብደው ከዚያ ዝምታ በኋላ ስለሚመጣ ነው።

በ1970 ፔጅና ፕላንት በዌልስ ተራሮች መካከል የኤሌክትሪክ መብራት ወደሌለባት ብሮን አር አውር ወደምትባል ትንሽ ቤት ሄደው ሰነበቱ። መብራት በሌለበት ቤት የኤሌክትሪክ ጊታር አይሠራምና በእንጨት ጊታር ብቻ እየተጫወቱ ዘፈን አዘጋጁ። ኦክቶበር 1970 ሦስተኛው ሸክላ ሲወጣ የሁለተኛው ገጽ አብዛኛው ክፍል በእንጨት ጊታር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ሸክላቸው በከባድ ድምፁ ዓለምን ያናወጠ ስለ ነበረ፣ ጋዜጠኞች ግራ ተጋብተው ቡድኑ መንገዱን እንደ ሳተ አድርገው ጻፉ፤ ሽያጩም ከፊተኛው አነሰ። በዚህ ሁሉ መካከል በእንግሊዝ አገር እጅግ በኀይል ይመታል የሚባለው ሰው ምን ያደርግ ነበር? ከእነዚህ ዘፈኖች በአንደኛው ላይ ማንኪያና ካስታኔት መታ። በሌላው፣ ስለሚሰቀል ሰው በሚናገረው የጥንት ዘፈን ላይ፣ ጊታሩ ታሪኩን እስኪጀምር ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ ወደ መካከሉ ገባ፤ ከዚያም ዘፈኑን እያጣደፈ እስከ ፍጻሜው ነዳው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የሚከተለው ሥራ ነው። በ1971 መጀመሪያ ቡድኑ በሃምፕሺር ባለው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ ቤት ውስጥ ሸክላ ይቀርጽ ነበር። ቤቱ በቀድሞ ዘመን የድሆች መጠለያ ነበር። የቦናም ከበሮዎች በደረጃው ሥር ባለው ከፍ ያለ አዳራሽ ተተከሉ፤ ድምፅ ቀራጩ አንዲ ጆንስም ሁለት ማይክሮፎኖች ከላይኛው ፎቅ ቁልቁል አንጠለጠለ። ከበሮው የቤቱን ግድግዳ እየመታ ሲመለስ የተቀረጸው ድምፅ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንኳ ሌሎች ሙዚቀኞች እየቆረጡ በራሳቸው ሥራ የሚያስገቡት ሆኗል። ይሁን እንጂ በዚያው ቤት ውስጥ ፔጅ የጆንስን ማንዶሊን አንሥቶ ሲሞክር አንድ ዘፈን ተፈጠረ፤ በዚህ ዘፈን ከፕላንት ጋር ሳንዲ ዴኒ የምትባል ዘፋኝ ተቀበለች፤ ከበሮ ግን አንድም አልተመታበትም። ኖቬምበር 1971 በወጣው በዚህ በአራተኛው ሸክላ ላይ ያለው ስመ ጥሩው ዘፈናቸው ስቴርዌይ ቱ ሄቨንም በጊታርና በእንጨት ዋሽንት ይጀምራል። ርዝመቱ ስምንት ደቂቃ ሲሆን ቦናም አራት ደቂቃ አልፎ እስኪሄድ ድረስ አንዲት ምት አያሰማም። ስንቱ ከበሮ መቺ ይህን ያህል ይታገሣል?

ብቻውን ሲተውለት ደግሞ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ሞቢ ዲክ በሚባለው ሥራ ጓደኞቹ ከመድረክ ሲወርዱ እርሱ ብቻውን ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይመታ ነበር፤ በመካከሉም በትሮቹን ጥሎ በባዶ እጁ ይቀጥላል።

ከከበሮው ሲለይ ግን ልኩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከቤቱ ርቆ መጓዝ ይከብደው ነበር፤ መድረክ ከመውጣቱም በፊት ይፈራ ነበር። ይህን ፍርሃትና ናፍቆት በመጠጥ ሊያስረሳ ሞከረ። በ1977 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ ከሥራ አስኪያጁና ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ የአዳራሽ ሠራተኛ በመደብደቡ ተከሶ ተቀጥቷል። ጁን 27 ቀን 1980 በጀርመን አገር በኑርንበርግ ገና ሦስተኛው ዘፈን እንዳለቀ ከመቀመጫው ወደቀና ትርዒቱ ተቋረጠ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1980 ቡድኑ ለአሜሪካ ጉዞ ልምምድ ሊያደርግ ተሰበሰበ። ቦናም ከጧት ጀምሮ ቮድካ ይጠጣ ነበር፤ መርማሪዎች በኋላ አርባ መለኪያ ያህል እንደ ጠጣ ገምተዋል። ሌሊቱን በፔጅ ቤት አስተኙት። በማግሥቱ በእንቅልፉ ሳለ ትውከት አፍኖት ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበር፤ ሚስቱን፣ ጄሰንንና በ1975 የተወለደችውን ዞዊን ትቶ ሞተ። ራሾክ በምትባል መንደር ተቀበረ፤ ጐብኚዎችም በመቃብሩ ላይ የከበሮ በትር እያኖሩ ይሄዳሉ።

በዚያ ጊዜ ሌላ ከበሮ መቺ ማግኘት ቀላል ነበር፤ ገንዘቡም ዝናውም እየጠበቃቸው ነበር። ሦስቱ ግን ዲሴምበር 4 ቀን 1980፣ እንደ ቀድሞው ሆነው መቀጠል እንደማይችሉ በጽሑፍ አስታወቁ። ዲሴምበር 10 ቀን 2007 በለንደን ለአንድ ምሽት ሲሰበሰቡ በከበሮው ወንበር ላይ የተቀመጠው የአርባ አንድ ዓመቱ ጄሰን ነበር። ስቴርዌይ ቱ ሄቨን ሲጀመር እርሱም እንደ አባቱ ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ ጠበቀ።