ጉስታቭ ሽትሬዘማን፦ በምዕራብ የጸናው፣ በምሥራቅ ክፍት የተተወው የጀርመን ድንበር

ጉስታቭ ሽትሬዘማን እ.ኤ.አ. በ1878 በበርሊን ከተማ ከቢራ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዶክትሬት ጥናቱም የበርሊንን የጠርሙስ ቢራ ንግድ የሚመለከት ነበር። በ1907 የምክር ቤት አባል ሆነ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም የጀርመን ግዛት በድል አድራጊነት እንዲሰፋ አጥብቀው ከጠየቁት ፖለቲከኞች አንዱ ነበር።

ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። በ1919 በተፈረመው የቬርሳይ ውል ጀርመን ከግዛቷ 13 በመቶ ያህሉን፣ ከሕዝቧም 10 በመቶ ያህሉን አጣች። አልሳስ-ሎሬን ወደ ፈረንሳይ፣ ኦይፐን-ማልመዲ ወደ ቤልጂግ፣ ፖዘንና አብዛኛው ምዕራብ ፕሩሲያ ወደ ፖላንድ ተላለፉ። ዳንዚግ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጥበቃ ሥር ነፃ ከተማ ስትሆን፣ ምሥራቅ ፕሩሲያ በፖላንድ መተላለፊያ ምክንያት ከተቀረው የአገሪቱ ክፍል ተቆረጠች።

በጥር 1923 የጦር ካሳ በወቅቱ አልተከፈለም በሚል ምክንያት የፈረንሳይና የቤልጂግ ወታደሮች የሩርን የኢንዱስትሪ አካባቢ ያዙ። በነሐሴ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሽትሬዘማን፣ የአገሪቱን ገንዘብ ዋጋ ያሳጣውን ያለመተባበር ተቃውሞ በመስከረም አስቆመ። መንግሥቱ በኅዳር ቢወድቅም እስከ ዕለተ ሞቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ቆየ። ከሩር የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ በቂ ሠራዊት የሌላት አገር ድንበሯ ይበልጥ እንዳይጠብብ ከፈለገች አስቀድማ የፈረንሳይን ሥጋት ማስወገድ ነበረባት።

በጥቅምት 1925 የተደረሰበት የሎካርኖ ስምምነት የዚህ ስሌት ውጤት ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይና ቤልጂግ የጋራ ድንበራቸውን በኃይል ላለመለወጥ ተስማሙ፤ ብሪታንያና ኢጣሊያም ዋስ ሆኑ። ከፖላንድና ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር የተፈረሙት ግን የግልግል ዳኝነት ውሎች ብቻ ሲሆኑ፣ የምሥራቁን ድንበር አላጸኑም። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነበር። ሽትሬዘማን በዚያው ዓመት መስከረም ለቀድሞው አልጋ ወራሽ በጻፈው ደብዳቤ ዳንዚግንና የፖላንድን መተላለፊያ ማስመለስን፣ የላዕላይ ሲሌዢያንም ድንበር ማስተካከልን ከዋና ተግባራቱ መካከል ቆጥሯል።

ደብዳቤው ከሞቱ በኋላ በ1932 ሲታተም፣ በ1926 ከፈረንሳዊው አሪስቲድ ብሪያን ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት የተጋራው ሰው እውነተኛ የሰላም ወዳጅ ነበርን የሚል ክርክር አስነሣ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ገጽታዎች የግድ አይጣረሱም። ከሎካርኖ በኋላም ቢሆን ኦይፐን-ማልመዲን በገንዘብ ድርድር ከቤልጂግ ለማስመለስ ተሞክሮ ነበር፤ ሙከራው የከሸፈው በፈረንሳይ ተቃውሞ ነው። እንግዲህ ሽትሬዘማን የተወው የድንበር ለውጥን ሳይሆን፣ ለውጡን በጦር መፈለግን ነበር።

በነሐሴ 1929 በሔግ በተደረገው ጉባኤ ራይንላንድን የያዙት የውጭ ወታደሮች ውሉ ከወሰነው ጊዜ አምስት ዓመት ቀድመው እንዲወጡ ተወሰነ። የመጨረሻዎቹ በሰኔ 1930 ሲወጡ እርሱ አላያቸውም፤ ጥቅምት 3 ቀን 1929 በ51 ዓመቱ ሞቶ ነበር።

የሎካርኖ ሥርዓት ከእርሱ በኋላ ብዙ አልቆየም። ከዋሶቹ አንዷ ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን በመውረሯ ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ጋር ተቃቃረች። ሂትለርም ይህን ክፍፍል ተጠቅሞ በመጋቢት 1936 ጦሩን ወደ ራይንላንድ አስገባ፤ በመስከረም 1939 ደግሞ ፖላንድን ወረረ። በ1945 ጀርመን ከኦደርና ከናይሰ ወንዞች በስተ ምሥራቅ ያለውን ግዛት በሙሉ አጣች፤ ይህም ድንበር በ1990 ከፖላንድ ጋር በተፈረመ ውል ጸና። በሎካርኖ ዋስትና ያገኘው የምዕራቡ ድንበር በመሠረቱ እስከ ዛሬ ሲዘልቅ፣ ለወደፊት ድርድር ክፍት የተተወው የምሥራቁ ግን በጦርነት ተወስኖ ወደ ምዕራብ ተገፋ።