የአልፍሬድ ኖቤል ኑዛዜና ያስከፈለው ዋጋ

መሐንዲስ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ያስቀድማል። ለንድፍ ወጪ የሳሳ ባለሥራ ያተረፈውን ገንዘብ በኋላ በጥገና እጥፍ አድርጎ ይከፍላል። ይህን ሕግ በፋብሪካው አክብሮ በንብረቱ ላይ የዘነጋው አልፍሬድ ኖቤል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖቤል በ1833 በስቶክሆልም ተወለደ። አባቱ ኢማኑኤል የሕንፃ ሥራ ተቋራጭና ፈልሳፊ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከስሮ ነበር። ቤተሰቡ በ1842 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተሻገረ። በዚያም የአባትየው ፋብሪካ ለሩሲያ ጦር መሣሪያ እየሠራ በለጸገ፤ የክሪሚያ ጦርነት ሲያበቃ ግን ዳግመኛ ከሰረ። ስለዚህ አልፍሬድ ሀብት እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ ከቤቱ ተምሯል። በ1864 ታናሽ ወንድሙ ኤሚል በናይትሮግሊሰሪን ፍንዳታ ሞተ። ኖቤል ግን ምርምሩን ቀጥሎ ፈሳሹን ኪሰልጉር ከሚባል አፈር ጋር በማዋሐድ ድናሚትን ሠራ፤ በ1867ም የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በዕድሜው ዘመን የፈጠራ መብቶቹ 355 ደረሱ፤ ፋብሪካዎቹና አክሲዮኖቹም በብዙ አገሮች ተሠራጩ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም።

በኖቬምበር 27 ቀን 1895 በፓሪስ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት፣ የመጨረሻውን ኑዛዜ ፈረመ። የሕግ ባለሙያ ግን አላማከረም። ሀብቱ ሁሉ ተሸጦ አስተማማኝ በሆኑ ሰነዶች ላይ እንዲውልና ወለዱ በየዓመቱ ለአምስት ሽልማቶች እንዲከፋፈል አዘዘ። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ ንድፉ ግን ጎዶሎ ነበር። ገንዘቡን በአደራ የሚረከብ ተቋም ገና አልተፈጠረም፤ ሽልማቱን የሚሰጡት አካላት ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ የሚወስነው ዋና መኖሪያ ስፍራውም አልተገለጸም፤ ኖቤል በፓሪስ፣ በሳን ሬሞና በስዊድን ቦፎርስ ቤቶች ነበሩት።

በዲሴምበር 10 ቀን 1896 በሳን ሬሞ ሲሞት ሒሳቡ በሌሎች ትከሻ ላይ ወደቀ። ከሁለቱ የኑዛዜ አስፈጻሚዎች አንዱ፣ የ26 ዓመቱ መሐንዲስ ራግናር ሶልማን፣ መሾሙን ያወቀው ከኖቤል ሞት በኋላ ነው። ጉዳዩ በፈረንሳይ ፍርድ ቤት እጅ ከወደቀ ኑዛዜው ሊፈርስ፣ ከባድ ግብርም ሊከተል ይችል ነበር። ስለዚህ ሶልማን የፓሪሱን ባንክ ሰነዶች በፈረስ ጋሪ ጭኖ፣ ሽጉጥ ይዞ፣ ወደ ስዊድን ቆንስላ አመላለሰ፤ ከዚያም ወደ ለንደንና ወደ ስቶክሆልም ላከ። የስዊድኑ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር ኑዛዜውን ተቃወመ፤ ከዘመዶቹም ክስ የመሠረቱ ነበሩ። የወንድሙ ልጅ ኢማኑኤል ኖቤል ግን፣ ኑዛዜው ቢፈርስ ተጠቃሚ የሚሆን ሰው ሳለ፣ ለአጎቱ ቃል ቆመ። በ1898 ለከሳሾቹ ገንዘብ ተከፍሎ ስምምነት ተደረገ። የኖቤል ፋውንዴሽን ደንብ የጸደቀው በጁን 29 ቀን 1900 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1901 ነው።

ወጪው በዚህ አላበቃም። ከ31 ሚሊዮን ክሮነር በላይ የነበረው ሀብት፣ አስተማማኝ የሚለው ቃል በጠባቡ ስለተተረጐመ፣ በብድር ሰነዶች ላይ ተወስኖ ቀረ። የዋጋ ንረትና ግብርም እያደር ሸረሸሩት። በ1901 እያንዳንዱ ሽልማት 150,782 ክሮነር ነበር፤ በ1923 ወደ 114,935 ወረደ። ፋውንዴሽኑ ከግብር ነጻ የሆነው በ1946፣ በአክሲዮን ላይ ገንዘብ እንዲያውል የተፈቀደለት በ1953 ነው። ሽልማቱ የ1901ን የመግዛት አቅም መልሶ ያገኘው በ1991 ነበር።

የሕግ ባለሙያ ምክር፣ አስቀድሞ የተቋቋመ የአደራ ተቋም፣ የተገለጸ መኖሪያ፣ ሹመቱን አውቆ የተቀበለ አስፈጻሚ፦ እነዚህ ሁሉ በ1895 ገንዘብና ጊዜ ይጠይቁ ነበር። ኖቤል ይህን ወጪ አስቀረሁ ሲል ለሌሎች አስተላለፈው። አደራው የዳነው በኑዛዜው ጥንካሬ ሳይሆን በሶልማን ታማኝነት ነው፤ እርሱም ከ1929 እስከ 1946 የፋውንዴሽኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አገልግሏል። እኛ በሙያችን መዋቅርን በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ አናቆምም፤ ለልጆቻችንና ለዓላማችን የምንተወውንም እንዲሁ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ ልናሳርፈው አይገባም።