ልጅን ከራሱ ጋር ያወዳደረው አሰልጣኝ

ካርድ ይዘን ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንጠየቀው ስንተኛ እንደወጣን ነው። ከአምናው ተሻሽለን እንደሆነ የሚጠይቀን ግን ስንት ሰው ነው? ጀርመን ውስጥ ከ200 ዓመት በፊት ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ቁም ነገር ያደረገ አንድ የጂምናስቲክ መምህር ነበር።

ዮሐን ክሪስቶፍ ፍሪድሪክ ጉትስሙትስ እ.ኤ.አ. በ1759 ክቬድሊንቡርግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሃሌ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ የአንድ ሐኪም ልጆችን ቤት ለቤት ያስጠና ጀመር። ሐኪሙ ሲሞት ልጆቹ ያለ አባት ቀሩ። ያኔ ሳልስማን የተባለ መምህር ሽኔፕፈንታል ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበርና ከልጆቹ አንዱን፣ ካርል ሪተርን፣ ተቀበለው። ጉትስሙትስም በ1785 አብሮ ሄደ፤ በዚያው ቀርቶ 50 ዓመት ገደማ አስተማረ። ትንሹ ካርል ደግሞ አድጎ ከዘመናዊ ጂኦግራፊ መሥራቾች አንዱ ሆነ።

በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ልጅ ቁጭ ብሎ ይሸመድዳል፤ ካጠፋም ይገረፋል። ጉትስሙትስ ግን ልጆቹን ሜዳ አወጣቸው። ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ገመድ ይወጣሉ፣ ግንድ ላይ ሚዛን ጠብቀው ይራመዳሉ። ልምምዱን ለየልጁ ዕድሜና አቅም ይመጥናል፤ ውጤታቸውንም እየለካ ይመዘግባል። ስለዚህ ከጓደኞቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ የዘለለ ልጅም ከበፊቱ ምን ያህል እንደጨመረ ማየት ይችላል። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርነው ሰዎች የአገር እድገት የምንለካው ከራሷ ያለፈ ዓመት ተነስተን ነው፤ ልጅ ላይ ሲሆን ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ፍርሃትንም አልናቀም። በ1798 ባሳተመው የዋና መጽሐፉ ትምህርቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው። መጀመሪያ ልጁ ውሃውን ይላመዳል፤ ቀጥሎ እንቅስቃሴውን መሬት ላይ ይለማመዳል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ ይሞክረዋል። የፈራን ልጅ ገፍትሮ መጣል የለም።

በ1793 ያሳተመው የወጣቶች ጂምናስቲክ መጽሐፍ በ1800 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ደራሲው ሳልስማን ተብሎ ተጻፈ። ጉትስሙትስ በ1839 እስኪሞት ድረስ ከሽኔፕፈንታል አካባቢ አልራቀም።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ዘንድሮ ካርዱ ሲመጣ የአምናውንም አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ስንተኛ የሚለውን ከዚያ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።